የትከሻ ቀዶ ጥገና በአሜሪካ፦ ሆስፒታል ወይስ ሰርጀሪ ሴንተር?

አሜሪካ ውስጥ የተበጠሰ የትከሻ ጅማት ለማሰፋት ብዙውን ጊዜ አዳር አያስፈልግም። ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ነው። ሐኪሙም ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን ሆስፒታል፣ ሌላ ቀን ሰርጀሪ ሴንተር፣ ማለትም አዳር የሌለው የቀዶ ጥገና ማዕከል፣ ይሠራል። ቢሉን የሚለየው ቦታው ነው።

ጅማት ማሰፋት ከሆነ ሴንተሩ በዋጋ ያሸንፋል። ሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ለሴንተር የሚከፍለው ለሆስፒታል ከሚከፍለው በጣም ያነሰ ነው። ተጨማሪ ኢንሹራንስ ከሌለዎት 20 በመቶው የእርስዎ ስለሆነ ልዩነቱ ኪስዎ ይደርሳል።

ትከሻውን በሰው ሠራሽ መተካት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሜዲኬር ይህን በሴንተር የፈቀደው በ2024 ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለአንድ ቀዶ ጥገና የሚጠየቁት ድርሻ ጣሪያ አለው፤ በ2025 1,676 ዶላር ነበር። ሴንተር ጣሪያ የለውም። የሴንተሩ ሂሳብ 12,000 ዶላር ቢሆን 20 በመቶው 2,400 ይመጣል። ርካሽ ነው ብለው የሄዱበት ቤት የበለጠ ያስከፍልዎታል ማለት ነው። የሐኪሙ ክፍያ በሁለቱም ቦታ ለብቻው ነው፤ የማደንዘዣውም እንደዚያው። ሲደውሉ ሦስቱንም ይጠይቁ፦ የቦታውን፣ የሐኪሙንና የማደንዘዣውን። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ግምቱን በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ መከራከር ይችላል።

እኔ ሆስፒታል ነው የተሠራሁት። ለጠዋት 1 ሰዓት ተቀጥሬ 8 ሰዓት ላይ ገባሁ። አስቸኳይ በሽተኛ ቀድሞኝ ነው፤ አልፈርድም፣ ግን ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም ነበር። ሴንተር አስቸኳይ ስለማይቀበል ቀጠሮው እንዲህ አይንሸራተትም።

ሆኖም እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት፣ ሳንባው ወይም ልቡ የታመመ ሰው ሆስፒታሉን ይምረጥ። ምክንያቱም ለትከሻ ቀዶ ጥገና አንገት ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ የመተንፈሻውን ጡንቻ በአንድ በኩል ለሰዓታት ያደክመዋል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን የትም ቢሠሩ ያው ናት። ማደንዘዣው ሲለቅ፣ የእኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር፣ ሕመሙ አንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ክንድዎ ገና ድንዝዝ እንዳለ ሐኪሙ ያዘዘውን ክኒን ይዋጡ። አልጋውንም ይተዉት፤ ቀና ብለው ለመተኛት ወደ ኋላ የሚዘነብል ሶፋ ካለው ዘመድ ይዋሱ።