ብሬከንሪጅ ወይስ ዊንተር ፓርክ? ሙሉ የስኪ ወቅት ተራራ ላይ ለሚከርም ሰው

ኮሎራዶ ሄዶ የስኪ (የበረዶ ላይ ሸርተቴ) ወቅቱን ሙሉ ተራራ ላይ ለማሳለፍ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያወዳድረው ተራሮቹን ነው። ለሁለት ቀን እንግዳ ይህ ይበቃል። አምስት ወር ለሚኖር ግን ወሳኙ ሌላ ነው። የት ታድራላችሁ? ከቤት እስከ ሊፍቱስ፣ ማለትም ተንሸራታቹን ወደ ተራራው እስከሚያወጣው ማመላለሻ፣ ያለ መኪና ትደርሳላችሁ?

ብሬከንሪጅ ሞቅ ያለ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ወርቅ ፈላጊዎች ቆረቆሩት፤ የስኪ ቦታው የተከፈተው በ1961 ነው። ዋናው መንገድ በካፌ፣ በሱቅና በሬስቶራንት የተሞላ ስለሆነ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ይመቻል። የከተማው አውቶቡስ በነጻ ነው። ወደ ጎረቤቶቹ ከተሞች ወደ ፍሪስኮና ሲልቨርቶርን የሚሄደውም እንደዚሁ። ፈተናው ኪራይ ነው። ብዙው ቤት ለቱሪስት ስለሚከራይ ለወቅቱ የሚሆን ክፍል ውድ ነው። እኔ ብሆን ፍሪስኮ አድሬ በአውቶቡስ እመላለስ ነበር፤ ብዙ ሠራተኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከፍታውን አትናቁት። ከተማው ያለው 2,926 ሜትር ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ይበልጣል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እንኳ ዳላስ ወይም ዲሲ ዓመታት ኖሮ ሲወጣ ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፍም እምቢ ሊለው ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃ እየጠጣችሁ ረጋ በሉ።

ዊንተር ፓርክ አነስ ያለ ነው፤ ማታ ጭር ይላል። ስኪው በ1940 የተከፈተ ሲሆን ባለቤቱ የዴንቨር ከተማ ነው። በወቅቱ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን የሚነሳ ባቡር አለ። አሥር ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የሞፋት ዋሻ አቋርጦ ሊፍቱ አጠገብ ያወርዳችኋል። የሚሄድባቸውን ቀናት ብቻ አስቀድማችሁ እዩ። አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ምርጫ አትፈልጉ። ከ1970 ጀምሮ አካል ጉዳተኞችን ስኪ የሚያስተምር ማዕከል እዚሁ አለ፤ ለእኔ ከሊፍቱ ብዛት ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ቤት ፈላጊ አጠገቡ ያለውን ፍሬዘርን ይይ። እዚያም ነጻ አውቶቡስ አለ። ብርዱ ግን ከባድ ነው፤ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። የስኪ ጫማችሁን መኪና ውስጥ ካሳደራችሁት ጠዋት ፕላስቲኩ ድርቅ ብሎ እግር አያስገባም። ማታ ቤት አስገቡት፣ የውስጡን ሽፋን አውጥታችሁ አድርቁት።

መንገዱስ? ከዴንቨር ወደ ብሬከንሪጅ አይዘንሃወር ዋሻን፣ ወደ ዊንተር ፓርክ በርቱድ ፓስ የሚባለውን ጠመዝማዛ የተራራ መተላለፊያ ታልፋላችሁ። በረዶ ላይ መንዳት ላልለመደ ሁለተኛው ያስፈራል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለምና እንጀራ ለመግዛት ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ለምትወርዱ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። ጠዋት የዴንቨር ሰው ወደ ተራራው ሲጎርፍ እናንተ ትወርዳላችሁ፤ ከሰዓት እሱ ሲመለስ እናንተ ትወጣላችሁ። ትራፊኩ የሚጨናነቀው በወዲያኛው በኩል ነው።

ፓስ፣ ማለትም የወቅቱን ሙሉ የሊፍት ትኬት፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቦታውን ቁረጡ። ብሬከንሪጅ የሚሠራው ኤፒክ የሚባለው ፓስ፣ ዊንተር ፓርክ የሚሠራው አይኮን የሚባለው ነው፤ አንዱ የሌላውን በር አይከፍትም። ዋጋው የሚረክሰው ስፕሪንግ ላይ ለቀጣዩ ወቅት መሸጥ ሲጀምር ነው፤ ከዚያ እየጨመረ ይሄዳል፣ ዲሴምበር ውስጥ ሽያጩ ይዘጋል። ለስኪ ድርጅቱ ተቀጥራችሁ ከሆነ ደግሞ አትቸኩሉ፤ ፓሱን ከሥራው ጋር ታገኙታላችሁ።