ለኳስ የተሠራ ዲኤስቲቪ ቤት ለፊገር ስኬቲንግ ተከራካሪ ይሆናል?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለው ይህ ቤት የፊገር ስኬቲንግ (በሙዚቃ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበት ስፖርት) ውድድር ሲኖር አንዱን ቴሌቪዥን ከኳስ ነጻ ያደርጋል። ለዚህ ብቻ ሊመሰገን ይገባል። አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ሻዩ ጥሩ ነው።

ቅሬታው ምስሉ ላይ ነው። ኳሱ ገዝፎ እንዲታይ ቴሌቪዥኑን «ዙም» ላይ አድርገውታል፤ ዙም ደግሞ ጠርዝ ይቆርጣል። ከላይ በግራ የምትወጣው የነጥብ ሳጥን አብራ ትሄዳለች። የክርክሩ ግማሽ ያለው እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው፦ አረንጓዴ ካሳየች ዳኞቹ ለዝላዩ ጨምረዋል፣ ቀይ ከሆነች ቀንሰዋል፣ ቢጫ ከሆነች የቴክኒክ ፓነሉ ደግሞ ሊያየው ይዞታል፤ የኳሱ ቫር በሉት። በሪሞቱ ወደ 16 በ9 መመለስ ይበቃል። ሲጠየቁ እሺ ይላሉ፤ በማግስቱ ግን ዙሙ ተመልሶ ይገኛል።

እዚህ የማያልቀው ሙግት «የተንገዳገደው ንጹሑን እንዴት በለጠው?» የሚል ነው። መልሱ ስሌት ነው። ሉትዝ የሚባለው ዝላይ ባለአራት ዙሩ መነሻ ነጥቡ 11.5፣ ባለሦስቱ 5.9 ነው። ዘጠኙ ዳኞች ከ−5 እስከ +5 ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ወጥቶ የሰባቱ አማካይ ይያዛል፤ አንዷ ደረጃ የመነሻው 10 በመቶ ናት። ባለአራቱ ተንገዳግዶ −2 ቢያገኝ 9.2 ይቀረዋል። ባለሦስቱ አምሮ +3 ቢያገኝ 7.67 ላይ ይቆማል። ባለአራቱ ዙሩን ሞልቶ ከወደቀ ግን −5 ያገኝና 5.75 ይሆናል፣ ለውድቀቱም 1 ነጥብ ሲቀነስ 4.75። ግማሽ ዙር ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለው ደግሞ ከመነሻው እንደ ባለሦስት ይቆጠራል፤ ቢጫዋ ሳጥን የምትበራው ለእንዲህ ያለው ጥርጣሬ ነው።

የሶቺ 2014 ክረምት ኦሎምፒክን የሴቶች ውድድር ቂም ይዘው የሚመጡም አይጠፉም፤ ወርቁን የወሰደችው ሶትኒኮቫ 224.59፣ ሁለተኛ የወጣችው ዩና ኪም 219.11። ያኔ የትኛው ዳኛ ምን እንደሰጠ አይገለጽም ነበር። ስውሩ አሠራር በ2016 ስለቀረ ለአሁኑ ውድድር ፕሮቶኮሉን (የነጥቡን ዝርዝር ወረቀት) በስልክ አውርዶ ዳኛ በዳኛ ማየት ይቻላል፤ ከጩኸት ይሻላል።

ሌላው ጥፋት ድምፅ ነው። አንዳንድ ማታ የቴሌቪዥኑን ዘግተው የራሳቸውን ዘፈን ይከፍታሉ። ዳኞቹ ከዝላዩ ሌላ ለጠቅላላው ትርዒት ከሚሰጧቸው ሦስት የፕሮግራም ነጥቦች አንዱ አቀራረብ ነው፤ ተወዳዳሪው ሙዚቃውን መግለጹም የሚመዘነው እዚያ ነው። ሙዚቃውን ያልሰማ ተመልካች «አቀራረብ ተዘረፈ» ሲል መስማት ያስቃል።

ተወዳዳሪው ነጥቡን ተቀምጦ ሲጠብቅ ቻናል የመቀየር ልማድም አላቸው። ፓነሉ በቢጫ የያዛቸውን አጣርቶ ድምሩ የሚጸናው በዚያች ሰዓት ስለሆነ፣ ሪሞቱ አጠገብ መቀመጫ መያዝ ያዋጣል።