ጋላክቶሊፒድ ወይስ ፎስፎሊፒድ፦ ለቅጠል የትኛው ይሻላል?

የሴል ሽፋን ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ፎስፎሊፒድ፣ ማለትም ፎስፎረስ ያለበት ቅባት ነው። ብርሃን አስተፃምሮ የሚካሄድበት የታይላኮይድ ሽፋን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ካለው ቅባት ሦስት አራተኛው ገደማ ጋላክቶሊፒድ፣ ማለትም በፎስፎረስ ፈንታ ስኳር ያለበት ቅባት ነው። የፎስፎሊፒዱ ድርሻ 10 በመቶ አካባቢ ነው።

ወጪ
ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፎስፎሊፒድ ያለ ፎስፎረስ አይሠራም። ፎስፎረስ ደግሞ ከአፈር በቀላሉ አይገኝም። በኢትዮጵያ ደጋ አሲዳማ አፈር ውስጥ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ሥሩ ሊስበው ይቸገራል። የጋላክቶሊፒድ ሞለኪውል ራስ (ውሃ ወዳዱ ጫፉ) ግን ስኳር ነው፤ ስኳሩን ተክሉ ራሱ ያመርተዋል! እንዲያውም ፎስፎረስ ሲያጥረው በሌሎች ሽፋኖቹ ያለውን ፎስፎሊፒድ እያፈረሰ በጋላክቶሊፒድ ይተካል። ይህ ብልሃት ሁሌም ይደንቀኛል።

ሥራ
ጋላክቶሊፒድ፦ ሰፊውን ሽፋን ይዘረጋል።
ፎስፎሊፒድ፦ ፎስፋቲዲልግሊሰሮል የሚባለው መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ፎቶሲስተም 2 (ብርሃን ተቀብሎ የሚሠራ የፕሮቲኖች ስብስብ) ውስጥ ገብቶ ክፍሎቹን ያያይዛል። እሱን መሥራት ያልቻሉ የአራቢዶፕሲስ (ለምርምር የምታገለግል ትንሽ ተክል) ተክሎች ቅጠላቸው ይገረጣል፤ ስኳር ካልተሰጣቸውም አያድጉም።

ስጋት
ከጋላክቶሊፒድ ዓይነቶች ባለ አንድ ስኳሩ ብቻውን ዝርግ ሽፋን አይሠራም። ተክሉን ውርጭ ሲመታው ሽፋኖች እርስ በርስ እንዲዋሃዱ ሊያደርግ ይችላል። ባለ ሁለት ስኳሩ የተረጋጋ ነው።

ስለዚህ ፎስፎረስ በተወደደበት መሬት ሰፊ ሽፋን ለመዘርጋት ጋላክቶሊፒድ ያዋጣል። ለፎቶሲስተም 2 ግን ፎስፋቲዲልግሊሰሮልን ሙሉ በሙሉ የሚተካ የለም።