የመኪና ውስጥ ኤልኢዲ፦ ዩኤስቢ፣ ሲጋራ መለኮሻ ወይስ ፊውዝ?

ሱማሌ ተራ ገብታችሁ «መኪና ውስጥ የሚለጠፍ ኤልኢዲ አለ?» ስትሉ ሻጩ የሚጀምረው ከቀለም ነው። ሪሞቱን እየተጫነ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ከዘፈን ጋር የሚጨፍረውን ያሳያችኋል። ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። ዋናው ጥያቄ ኤሌክትሪኩን ከየት ነው የሚያገኘው የሚለው ነው።

በዩኤስቢ የሚሰራው አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው። በ5 ቮልት ስለሚሰራ ደከም ይላል፣ ለእግር ስር ግን ይበቃል። ሽቦ የሚነካ ባለሙያ አያስፈልገውም፤ መኪናውን ስትሸጡም ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ብቻ የራይድ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ያቺ መሰኪያ የስልካችሁ ናት፣ እርሷን ለጌጥ አሳልፎ መስጠት አያዋጣም።

አራት ቁራጭ ሆኖ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው በየመኪናው የምታዩት ነው። ሁለቱ ክሩስኮት ስር፣ ሁለቱ ከፊት ወንበሮች ስር ይለጠፋሉ። በመኪናው 12 ቮልት ስለሚሰራ ደመቅ ይላል። ከዘፈን ጋር የሚያስጨፍረው ማይክ ግን ዘፈንን ከጥሩንባ አይለይም፣ ጉድጓድ ስትገቡም ብልጭ ይላል፤ እኔ በሁለተኛው ቀን አጠፋሁት። ሌላው፣ አንዳንድ መኪና ላይ መለኮሻው ቁልፍ ከወጣ በኋላም ይሰራል። ከመግዛታችሁ በፊት ቁልፉን አውጡና ቻርጀር ሰክታችሁ እዩት።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፦ በሜትር ገዝቶ ከፊውዝ ሳጥኑ ላይ ማስቀጠል። ሽቦ አይታይም፣ መሰኪያ አይያዝም፣ የ12 ቮልቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት አምፖሉ ምልክት ስላለው በልካችሁ ትቆርጡታላችሁ። ግን የሚሰራላችሁን ሰው ምረጡ። የእኔን የሰራው ልጅ ቁልፍ ሲወጣ ከማይጠፋ መስመር ላይ ቀጠለልኝ፣ እኔም አንድ ማታ ሳላጠፋው ገባሁ። 5050 የሚባለው የኤልኢዲ ዓይነት፣ በሜትር 60 አምፖል ያለው፣ እስከ 1.2 አምፒር ይስባል። ሁለት ሜትር 2.4 ነው፣ በ10 ሰዓት 24 አምፒር ሰዓት ይሆናል። የቪትዝ ዓይነት ትንሽ መኪና ባትሪ 35 ወይም 45 ቢሆን ነው፣ ጠዋት ምን እንደሆነ ገምቱት። የእኔዋ ደግሞ አውቶማቲክ ናት፣ ገፍቶ ማስነሳት የለም! ስለዚህ ከቁልፍ ጋር ከሚጠፋ መስመር ላይ ይቀጠል፣ የራሱ ትንሽ ፊውዝ ይግባለት፣ ማሳውም (ኔጌቲቭ ሽቦው) ቦዲው ላይ ባለ ብሎን ይታሰር። በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ የሚሄደውን እሺ አትበሉት።

5050 ወይስ ሌላው ዓይነት፣ 2835? ቀለም መቀያየር ከፈለጋችሁ 5050፣ ምክንያቱም አንዷ አምፖል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አብረው አሉ። ከእነሱ ተደባልቆ የሚወጣው ነጭ ግን ብዙም ንጹሕ አይደለም። አንድ ቀለም ከበቃችሁ 2835 ትንሽ ስቦ ጥሩ ያበራል። ሞቅ ያለውን፣ 3000 ኬልቪን አካባቢ ያለውን ውሰዱ። ነጩ 6500 ማታ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ መንገዱን ይጋርዳችኋል።

የአይሱዙ ጭነት መኪና ሾፌሮች፣ የእናንተ ባለ 24 ቮልት ነው። የ12ቱን በቀጥታ ብትቀጥሉት ወዲያው ይቃጠላል።

ማጣበቂያውን የትኛውም ዓይነት ላይ አትመኑት። ፀሐይ ላይ ቆማ የዋለች መኪና ውስጥ ይላቀቃል፤ ቦታውን በአልኮል ጠርጋችሁ ለጥፉ፣ ጫፍ ጫፉንም በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት።

የቸገራችሁ ማታ ወንበር ላይ የወደቀ ሳንቲም መፈለግ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ የጣሪያውን አምፖል ብቻ በኤልኢዲ ቀይሩት። አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። 31፣ 36 እና 41 ሚሊሜትር የሚባሉ አሉ፣ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ እኔ በግምት ገዝቼ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።