ባለ 20 ዋት ፋይበር ሌዘር ማሽን፦ ሥራው ግሩም፣ መነጽሩ ግን አይታመንም

ቀለበት ላይ ስም፣ ብዕር ላይ አርማ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ በሌዘር ጨረር የሚጽፍ ማሽን ትልቅ እፎይታ ነው። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። እንደ «ኟ» ያለ ጣጣ የበዛበት ፊደል እንኳን በትንሹ ተጽፎ ይነበባል። ቀለም የለው፣ የሚያልቅ ነገር የለው፤ በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም።

ልግዛ ለሚል ሰው ግን ከፍጥነቱ በፊት የምነግረው ስለ ነጸብራቁ ነው። የዚህ ማሽን ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር ነው። የተወለወለ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ደግሞ የዚህን ጨረር ከ95 በመቶ በላይ መልሰው ይሰዱታል። የወርቅ ቤት የዘወትር ሥራ እነዚሁ አይደሉ? ዕቃው ልክ ከማሽኑ ሌንስ መሃል ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ጨረሩ በመጣበት መንገድ በሌንሱና በመስታወቶቹ አልፎ ወደ ሶርሱ፣ ማለትም ጨረሩ ወደሚመነጭበት ክፍል፣ ይመለሳል። ሶርሱ ብርሃን ማጉያ ስለሆነ የተመለሰበትንም ሊያጎላው ይችላል፣ ያኔ የሚቃጠለው ከማሽኑ ሁሉ ውዱ ክፍል ነው።

ደስ ያለኝ፣ ይኼኛው ሶርስ አይሶሌተር አለው። ወደ ፊት የሚሄደውን ያሳልፋል፣ የሚመለሰውን ያግዳል። ማግኔት የብርሃንን የንዝረት አቅጣጫ እንደሚያዞር ማይክል ፋራዳይ በ1845 እ.ኤ.አ. አሳይቶ ነበር፤ የአይሶሌተሩም አሠራር በዚያ ላይ የቆመ ነው። ርካሽ ማሽን ስትገዙ «አይሶሌተር አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ ከተንተባተበ ተዉት። አለው ብላችሁም አትዘናጉ። የሚያብረቀርቀውን ዕቃ ትንሽ አዘንብሉት፣ ወይ ከመሃል ፈቀቅ አድርጉት። ዕቃው ከሌንሱ ትኩረት እስካልወጣ ድረስ ጽሑፉ አይበላሽም።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። አብሮት የመጣው የዓይን መከላከያ መነጽር አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። በቃ፣ ባዶ! ማሽኑ ክላስ 4 ነው፣ ማለትም ከአደገኞቹ ሁሉ ላይኛው እርከን። ጨረሩ ስለማይታይ ዓይን ቶሎ አይጨፈንም፣ የዓይናችን ሌንስ ደግሞ ሰብስቦ ሬቲና ላይ ያሳርፈዋል፤ እዚያ የደረሰ ቃጠሎ አይድንም። ከዕቃው ነጥሮ የሚመጣውም ያው ነው። ትክክለኛ መነጽር 1064 የሚለው ቁጥርና ኦዲ 6 ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎበታል። ኦዲ 6 ማለት ከሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። ለሰማያዊ ሌዘር የተሠራውን መነጽር ለዚህ ማድረግ ከንቱ ነው። ለሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሌዘር የሚበቃው ቀለም የሌለው፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ አክሪሊክ (ፕላስቲክ) ሽፋንም 1064ን ያሳልፈዋል።

ለማሽኑ ከ5 አራት ሰጥቻለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በመነጽሩ ነው። ክፍቱንና በሳጥን የተዘጋውን አማርጠው ይሸጣሉ። ደንበኛ አጎንብሶ ማየት ይወዳል፣ ልጅም ይዞ የሚመጣ አለ፣ ለእነሱ ሁሉ መነጽር ከየት ይመጣል? ሱቅ ላላችሁ የተዘጋውን ግዙ፣ በሩ ሲከፈት ጨረሩ ራሱ የሚቋረጠውን።