ሄርማታ ያለው ካሴት ገልባጭ፦ የድሮ የክለብ ካሴት ያላችሁ ሰዎች ይሄን አንብቡ

ጅማ ላላችሁና ቁም ሳጥን ስር የድሮ ካሴት ለደበቃችሁ ሁሉ ነው ይሄን የምጽፈው። ሄርማታ መርካቶ ውስጥ፣ ሬዲዮ ጠጋኞቹ ያሉበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ ታፔላ የሌላት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ልጁ እንደ ሌላው ጠጋኝ የሞባይል ስክሪን ይቀይራል፣ ሪሲቨር ይሠራል፣ ስቶቭም ቢመጣለት አይመልስም። ግን ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣል፣ እሱን ሥራ ደሞ ከልቡ ነው የሚሠራው። ሰው ጠቁሞኝ ስሄድ ብዙም አልጠበቅኩም ነበር፣ ምክንያቱም ዘንድሮ ካሴት ገልብጥልኝ ስትሉት የማይስቅባችሁ ጠጋኝ ብርቅ ነው፣ ስቆ ሲጨርስ ደሞ "ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ" ይላችኋል።

የኔ ዩቲዩብ ላይ የለም። የተገዛ ካሴት ቢሆን እኔም አልደክምም ነበር፣ ጥላሁንም ማህሙድም ስልኬ ላይ ሞልተዋል። የኔዎቹ ክለብ ውስጥ የተቀዱ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባንድ የሚጫወትበት አንድ የሆቴል አዳራሽ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ባለስድስት ድንጋይ ቴፑን ይዞ ይመጣና ጠረጴዛ ስር አስቀምጦ መቅጃውን ተጭኖ ይረሳዋል። ባለ60 ደቂቃ ካሴት ከሆነ በሠላሳኛው ደቂቃ ቀጭ ብሎ ይቆማል፣ ያስታወሰ ሰው ካለ ይገለብጠዋል፣ ከሌለ የሌሊቱ ግማሽ እዛው ቀረ። በኋላ ውጭ ሲሄድ ካሴቶቹን በካርቶን ለኔ ጥሎ ሄደ፣ እኔም ስንት ቤት ስቀይር ተሸክሜያቸው ዞርኩ።

ልጆች ላይገባችሁ ይችላል፣ ያኔ ሰዓት እላፊ አለ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ቀልድ አይደለም፣ ስለዚህ በጊዜ ያልወጣ ሰው በሩ ይዘጋና እስኪነጋ እዛው ነው። ባንዱም አብሮ ታስሯል ማለት ነው። አዲስ አበባም ትልልቆቹ ክለቦች ውስጥ እንደዛው ነበር፣ እስኪነጋ ይጫወታሉ። ዘፋኙ ድምፁ ሲዘጋ ወርዶ ቢራውን ይይዝና ባንዱ ብቻውን ይነዳዋል፣ ሳክስፎኑ ይመጣል፣ ኪቦርዱ ይመጣል፣ አንዱን ዜማ እያሽከረከሩ ግማሽ ሰዓት ይሄዱበታል፣ አሁን ሰው መድረክ ላይ ግማሽ ሰዓት በመሣሪያ ብቻ ቢጫወትባችሁ ስልካችሁን ታወጣላችሁ፣ እኛ ግን የት እንሄዳለን፣ እንደንሳለን። እኔ ለእናቴ ጓደኛዬ ጋ ነው የማድረው ብዬ ነው የምወጣው። ጓደኛዬም ለእናቷ እኔ ጋ። ሁለቱ እናቶች ደሞ እሁድ እሁድ ማርያም ቤተክርስቲያን ይገናኛሉ። አንድም ቀን አልጠየቁንም፣ እስካሁን ድረስ ያውቁ ነበር ነው የምለው።

የሚጫወቱት በአብዛኛው ሶል፣ የጥቁር አሜሪካውያኑን ሙዚቃ ነበር። ይሄን ስል ወጣቶቹ በጅማ ሶል ብለው ይገረማሉ፣ ምን ይገርማል። ሶል ወደዚህ አገር የገባው ከኛ በፊት ነው፣ አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮና ሸክላቸውን ይዘው መጥተው፣ አዲስ አበባ ደሞ ሰላም ጓዶች የሚባሉት ወጣት አሜሪካውያን መምህራን ነበሩ። በ60ዎቹ መጀመሪያ ስሙን ራሱ ሶል ኤኮስ ያለ ባንድ ነበረን፣ እነ ተሾመ ምትኩ የዘፈኑበት። ዓለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን ሲባል በከንቱ አይደለም፣ ሸክላውን ሰምቶ የሚያውቅ ያቺን ጩኸት ያውቃታል። እሱን በሸክላ ያወጣው አምሃ እሸቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸክላ ማሳተም በሕግ ለአገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ፣ ደፍሮ። እኛ ክለብ በደረስንበት ጊዜ ግን ሸክላው አልቆ ዘመኑ የካሴት ሆኗል፣ አምሃም አገር ለቋል፣ ክፍለ ሀገር ያለነው ደሞ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የሚደርሰን። ሌላው ዓለም ዲስኮውንም ጨርሶ ወደሌላ ሄዶ እኛ ገና የሶሉ ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ ላይ ነን። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1967 በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል፣ እኛ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ጅማ ላይ ትናንት እንደወጣ ዘፈን ነው የምናለቅስበት። የኛ ዘፋኝ እንግሊዝኛ አይችልም፣ ካሴቱ ላይ በደንብ ይሰማል፣ ቃላቱን ከራሱ እየፈጠረ ነው የሚሄደው፣ ግን ጩኸቷ ቦታዋ ላይ ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁሉም ሲደክም ወደ ትዝታ ይዞራሉ፣ በዛው በሶሉ ባስና ድራም ላይ። እንደዛ የተጫወተ ትዝታ ከዛ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

እሺ ወደ ሱቁ ልመለስ። ልጁ ካሴቶቹን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አላጫወታቸውም። በባትሪ እያበራ አንድ በአንድ አያቸው፣ ሻጋታ የያዙትን ለብቻ አደረገ። የጅማን ክረምት ታውቃላችሁ፣ ነጭ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ያንን ሳያጸዱ ቴፕ ውስጥ ከከተቱት ለሚቀጥለውም ካሴት ይተርፋል። ቪቴ ያለውን ፈታ፣ በማጣበቂያ የተዘጋውን ደሞ በስለት ፈልቅቆ ሪሉን፣ ውስጡ ያለውን ክር፣ ወደ ሌላ ቀፎ አዛወረው። ከሪሉ ጀርባ አንዲት ትንሽ ስፖንጅ አለች፣ ሪሉን ወደ ሄዱ (ድምፁን ከሪሉ ላይ ወደሚያነበው የቴፑ ክፍል) የምትጫነው፣ ማጣበቂያዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይሄዳል ይመጣል፣ ሰው ካሴቱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፣ ልጁ ከሌላ ካሴት ነቅሎ ለጠፋት፣ አለቀ። ከዛ እያንዳንዱን እስከ ጫፍ አሽከርክሮ መልሶ ጠቀለለው፣ ስንት ዓመት የተኛ ሪል እርስ በርሱ ይጣበቃል አለኝ። የራሱ ዴክም (ካሴት ማጫወቻውም) ቢሆን ላስቲኮቹ አዲስ ናቸው። ቤት ያለውን ቴፕ አውጥታችሁ ለመስማት የምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ ተዉ፣ ቤልቱ ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል፣ ሮለሩም ደርቋል፣ ካሴቱን ይበላባችኋል፣ ያኔ በእስኪብርቶ ብትጠቀልሉትም የታጠፈው ቦታ አይመለስም።

ከዛ አጫወተው። ድምፁ ታፍኗል። ቀጭኗን ካቻቢቴ አወጣና ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ቪቴ ነካ አደረጋት፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ታፈነ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ጨመረላት፣ ድንገት ሲምባሉ ወጣ። ቺስ ቺስ ቺስ። ከሲምባሉ ጋር አብሮ ክፍሉ ወጣ፣ ብርጭቆው፣ ወንበሩ ሲጎተት፣ የሰው ጫጫታ። ነገሩ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ዘመም ያለ ከነበረ ማጫወቻውም በዛው ልክ ዘመም ማለት አለበት ነው ያለኝ፣ ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ካሴት የሚያስተካክለው። ሌላ ቦታ ይሄን የሚያደርግ አላየሁም።

ፍጥነቱ ላይ ደሞ የባሰ ነበር። ዘፋኙ ድምፁ ቀጥኖ ልጅ ሆኗል፣ ባንዱም ይሮጣል። ልጁ ትንሽ ሰማና "ማዘር፣ በድንጋይ ነው የተቀዳው አይደል?" አለኝ። (ማዘር ያለኝ መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር፣ በኋላ ተውኩት።) ሲቀዳ ድንጋዩ እየደከመ ስለሄደ ሪሉ ቀስ ብሎ ነው የዞረው፣ አሁን በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይሮጣል፣ ወደ ካሴቱ መጨረሻ ደሞ እየባሰ ይሄዳል። ሞተሩ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ካቻቢቴዋን ከዛ ከቶ ማዞር ጀመረ፣ እኔን "ሲደርስ ንገሪኝ... ይንገሩኝ" እያለ። እኔ ምኑን ልንገረው፣ ያንን ሰውዬ ስንት ዘመን አልሰማሁትም፣ ትክክል የመሰለኝ ቦታ ላይ እሺ እዚህ ጋ አልኩት። እሱ ግን በኔ ጆሮ ብቻ አልረካም፣ ስልኩ ላይ የጊታር መቃኛ አፕ ከፍቶ ኪቦርዱ ብቻውን የሚጫወትበትን ቦታ ፈለገ። ጊታር እንደፈለጉ ይቃኛል፣ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ግን ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፣ ስለዚህ በሱ ለካው፣ እኔ ካልኩት ትንሽ ዝቅ አለ። ዝቅ ሲል ነው ሰውየው ራሱን የሆነው፣ ወፍራም፣ ሲጋራ ያለበት ድምፅ። የቀረውን እየባሰ የሚሄደውን ላፕቶፕ ላይ አስተካከለው።

የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሁለት ዘፈን መሀል አንዲት ሴት በጣም ተናዳ "አልደንስም አልኩህ እኮ!" ትላለች። እኔ ነኝ። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ሰምቷል፣ ጎን ያለው ሰዓት ጠጋኝ ሳይቀር ሳቀ። "እርሶ ኖት እንዴ?" አለኝ። ለማን እንዳልኩት ቢያስታውሰኝ ለወንድሜ በቴሌግራም ላኩለት፣ ሚኒሶታ ነው ያለው፣ የመለሰልኝ የድምፅ መልእክት ሳቅ ብቻ ነው፣ ስሙን አልነገረኝም። እዛው ላይ በሩ ሲቀረቀርም ይሰማል፣ ያ ከባድ የብረት መቀርቀሪያ፣ ከዛ ድራመሩ አንድ ሁለት ብሎ ይጀምራል።

አሁን ዋናው ምክሬ፣ ድምፁን "አጽዳልኝ" እንዳትሉ። ከዚህ በፊት አንዱን ካሴት አዲስ አበባ ለሆነ ቤት ሰጥቼ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ጫጫታውን በኮምፒውተር አጥፍተው ሰጡኝ፣ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ቀረ። ጫጫታው እኮ ነው ካሴቱ። ጄምስ ብራውንን ኦሪጅናሉን ከፈለግኩ አለልኝ፣ እኔ የምፈልገው ያ አዳራሽ ውስጥ ማን እንደሳቀ ነው። ከሳቁት መሀል ብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ያልተመለሱ አሉ። የጅማው ልጅ ሳልነግረው ምንም ሳይነካ በዋቭ፣ ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት ፋይል፣ ሰጠኝ፣ ለቴሌግራም ትንሹን ኤምፒስሪ ጨመረበት። ዋቩ ለአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋ አካባቢ ይይዛል፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

ካሴት ምን ያደርጋል ለምትሉ ደሞ፣ የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት አንድ ፈረንጅ ባህር ዳር ሱቅ ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም ሁሉ ሰማው፣ ሰውየው ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው ተመልሶ መድረክ ላይ የወጣው። ሙላቱ አስታጥቄም የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። እኛ ግን ቤት ያለውን ካርቶን ለቆራሌው እንሰጣለን።

የማይመች ነገሩን ልናገር። አንደኛ ይዘገያል፣ ያለው ዴክ አንድ ነው፣ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ከሥር ነው የሚጀምረው። ስም አጻጻፍ አይችልበትም፣ ፋይሎቹን "ማዘር አንድ፣ ማዘር ሁለት" ብሎ ነው የሰጠኝ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ቤት ገብቼ ነው የለየሁት። ደረሰኝ የለም። መቀመጫው አንዲት ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ናት፣ ለወገብ አትሆንም። ደሞ እንዳልኳችሁ ጮክ አድርጎ ነው የሚሰማው፣ ካሴታችሁ ላይ ሚስጥር ያለ ከመሰላችሁ ቀድማችሁ የጆሮ ማዳመጫ አድርግ በሉት።

ለአንድ ካሴት 200 ብር ነው የከፈልኩት፣ ሻጋታ ላለበትና ቀፎ ለሚቀየርለት ይጨምራል፣ ሥራውን ካየሁ በኋላ ውድ ነው አልልም። የተበጠሰም ይቀጥላል። ስትሰጡት ካሴቱ በምን እንደተቀዳ ንገሩት፣ ከሬዲዮ ይሁን፣ በድንጋይ ይሁን፣ ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ይሁን፣ ያግዘዋል። ሐሙስ አትሂዱ፣ ገበያ ስለሆነ መንገዱ አይታለፍም። የቪዲዮ ካሴት አይሠራም፣ ጠይቄዋለሁ።