ለዘፈን ገዝቼው ለዝናብ የጠቀመኝ የሞተር ጂፒኤስ

"ስልክህ እያለ ሞተር ላይ ጂፒኤስ ከነሳተላይት ራዲዮው ማስገጠም ምን የሚሉት ነገር ነው?" ያላለኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ብላኛለች፣ ታናሽ ወንድሜ ብሎኛል፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምንጠጣበት ቤት በር አጠገብ የማይጠፉት ጋሼ ደግሞ "አንተ ልጅ፣ የሞተሩ ጩኸት አንሶህ ነው ዘፈን የምትጨምርበት?" ብለው ቤቱን በሙሉ አስቀውብኛል። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ሦስት ሰመር ነድቼበት መልስ አለኝ፣ ስገዛው ያሰብኩት መልስ ግን አይደለም።

ዕቃው እንዲህ ነው። ለሞተር ተብሎ የተሠራ ጂፒኤስ፣ ስክሪኑ 4.3 ኢንች፣ ውሃ የማያስገባ፣ መሪው ላይ የሚታሰር ማቀፊያ ውስጥ ጠቅ ብሎ የሚገባ። ከሱ ጋር መዳፍ ውስጥ የምትገባ ጥቁር የሳተላይት ራዲዮ (በወር እየተከፈለበት ከሰማይ በቀጥታ የሚመጣ ራዲዮ) አንቴና አለች፣ ሽቦዋ ረጅም፣ ሆዷ ማግኔት። አዲስ አይደለም፣ ሞተሩን ሸጦ ልጅ ማሳደግ ከጀመረ ሰው ላይ በ270 ዶላር ነው የገዛሁት፣ ሞዴሉም የድሮ ነው። የካምፓኒውን ስም አልጠራም፣ ያገለገለ ዕቃ ይዤ ስማቸውን ማንሳትም ማጥፋትም ደስ አይለኝም።

ስልክ ለምን አልተጠቀምክም ለምትሉ፣ ተጠቅሜ ነበር። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ሲመታው ግሎ ይዘጋል፣ ዝናብ ሲነካው ስክሪኑ ራሱን በራሱ ይጫናል፣ ጓንት አውልቄ ካልነካሁት ደግሞ ጭራሽ አይሰማኝም። በዛ ላይ አፕል ራሱ በፈረንጆቹ 2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ ይችላል ብሎ ጽፏል፣ መሪ ላይ ባታስሩት ይሻላል ብሎ። ይሄኛው ጂፒኤስ የድሮ ዓይነት ስክሪን ስለሆነ ከነወፍራም የክረምት ጓንቴ ጫን ሳደርገው ይታዘዘኛል፣ ቁልፎቹም ትልልቅ ናቸው፣ ለዚህ ብቻ እንኳን እወደዋለሁ።

ማስገጠሙ ላይ ግን ተቃጥያለሁ። አንድ የሞተር ጋራዥ ወሰድኩት፣ ልጁ በአንድ ሰዓት ጨርሶ "በቃ አልቋል" አለኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ፣ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ሞተሩን ለአንድ ሳምንት ምናምን ሳልነካው ቆይቼ እሁድ ጠዋት ልወጣ ስል ዳሽቦርዱ ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ማስነሻውን ስጫን ትክ ትክ ትክ፣ አለቀ። ጎረቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ቁልቁለቱ ላይ ገፋልኝ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቀቅ ሳደርግ ተነሳ። ለካ ሰውየው ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ ነው ያሰረው፣ ሞተሩ ጠፍቶም ማቀፊያውና አንቴናዋ ቀስ እያሉ ባትሪውን ሲመጥጡት ነው የከረሙት። ሽቦው ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት ከሚያገኝ መስመር ላይ ነው መታሰር ያለበት፣ ወይም በሪሌይ (ቁልፉ ሲዞር ብቻ መስመሩን በሚከፍት ማብሪያ)፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ፊውዝ። የምታስገጥሙ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁልፉን አጥፍታችሁ ስክሪኑ "ኃይል ተቋርጧል" የሚል ነገር ያሳይ እንደሆነ እዛው ቆማችሁ እዩ።

አሁን ወደ ራዲዮው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ የምለው እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ከፍሬድሪክ በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ጌቲስበርግ እሄድ ነበር፣ ሰፊ መንገድ፣ ግራ ቀኙ እርሻ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ዛፍ እንኳን እንደልብ የለም። ራዲዮው ግን ይቆራረጣል። ሁለት ደቂቃ ይዘፍናል፣ ሃያ ሰከንድ ጭጭ፣ እንደገና ይዘፍናል። በቃ ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ተበልቻለሁ ብዬ ተውኩት። ስመለስ፣ ያው መንገድ፣ ያው ሰማይ፣ አንድ ጊዜ እንኳን ሳይቆረጥ ፍሬድሪክ ድረስ ዘፈነልኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዛው፣ ስሄድ ይቆራረጣል ስመለስ ጥርት። አበድኩ ወይ ብዬ ነበር። አንድ ቀን እንደዚሁ እየሄድኩ ዝም ሲልብኝ መስታወቱን ለማየት ወደ ጎን ዘንበል አልኩ፣ ዘፈኑ ተመለሰ። ቀና ስል ጠፋ። እንደገና ዘንበል፣ መጣ። ያኔ ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ዘፈኑን የጋረድኩት እኔ ራሴ ነኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የኔ አንቴና የምትቀበለው ኤክስኤም የሚባለው የሳተላይት ራዲዮ ድርጅት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያሉት፣ ከመሬት ጋር አብረው ስለሚዞሩ ለኛ ሁሌ አንድ ቦታ የተተከሉ ናቸው። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ሆነህ ስታያቸው በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ያውም አናት ላይ ሳይሆን ዝቅ ብለው። ሰውየው ደግሞ አንቴናዋን መሪው መሀል ነው የለጠፋት። ወደ ሰሜን ስነዳ ደረቴና ሄልሜቴ በአንቴናዋና በሳተላይቱ መሀል እንደ ግድግዳ ይቆማሉ፣ ወደ ደቡብ ስዞር ፊቷ ክፍት ይሆናል። መኪና ጣራ ላይ ቢሆን ይሄ ነገር አይታሰብም፣ ሞተር ላይ ግን ነጂው ራሱ እንቅፋት ነው።

ስለዚህ አንስቼ የኋላው ሳጥን ክዳን ላይ አደረግኋት። ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ማግኔቱ አይዝም፣ ስስ የብረት ሳህን ቆርጬ በሁለት ወገን በሚለጥፍ ቴፕ መጀመሪያ እሱን አጣበቅሁ፣ ከዛ እሷን ላዩ ላይ፣ ሽቦውን ደግሞ ከወንበሩ ስር አሳልፌ ሳጥኑ ሲከፈት እንዳይወጠር ትንሽ ላላ አድርጌ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። ከዛ ወዲህ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ብነዳ ልዩነቱ ብዙም አይሰማኝም። ሙሉ ሥራው 12 ዶላር አልፈጀም፣ ከጋራዡ ልጅ ሥራ ይሻላል ብል ጉራ አይሆንብኝም።

ዛፉ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ስካይላይን ድራይቭን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ ሼናንዶዋ ፓርክን በተራራው ጫፍ ጫፍ 105 ማይል የሚሄደው መንገድ፣ ፍጥነቱ 35 ማይል ብቻ፣ ለሞተር ከዚህ የተሻለ መንገድ በቅርባችን ያለ አይመስለኝም። ኤፕሪል ላይ ዛፉ ራቁቱን ሆኖ ስሄድ ራዲዮው እንከን አልነበረውም። ጁላይ ላይ ቅጠሉ መንገዱን እንደ ዳስ ሲሸፍነው ግን በየመታጠፊያው ይቆራረጣል፣ ውሃ ያዘለ ቅጠል ይሄን ዓይነት ሞገድ ይውጠዋል። ድልድይ ስር ሳልፍ መቆረጡ አይታወቅም፣ ድምፁ ከሁለት ሳተላይት በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ስለሚመጣ መሣሪያው ከያዘው ላይ እየሰጠ ያሻግራል። ረዘም ላለ ጥላ ግን ያ አይበቃም። ከተማ ውስጥ ደግሞ ዲሲ ሕንፃ መሀል ጥሩ ነው፣ ምድር ላይ የተተከሉ ማሰራጫዎች ስላሉ።

የሚገርመው ራዲዮው ሲጠፋ ካርታው ፍንክች አይልም። "ሁለቱም ሳተላይት አይደሉ እንዴ" ብሎ ወንድሜ ጠይቆኝ ነበር። ናቸው፣ ግን የጂፒኤሶቹ ከ30 በላይ ሆነው በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ዙሪያውን ይዞራሉ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣሉ፣ ቦታህን ለማወቅ አራቱ ከታዩ ይበቃሉ፣ አንዱን ዛፍ ቢጋርደው ሌላው አለ። ራዲዮው እንደዛ ዓይነት ምርጫ የለውም፣ ደቡብ ከተዘጋ ተዘጋ። ማይል 32 አካባቢ ካለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ውስጥ ሲሆን ብቻ ሁለቱም እኩል ይጠፋሉ፣ ዋሻውን በቧንቧህ ጩኸት ሞልተኸው ትወጣለህ፣ እሱም ራሱ ሙዚቃ ነው።

ድምፁስ? እዚህ ላይ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ሄልሜቴ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አለ (ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለቱንም ጆሮ በኢርፎን ደፍኖ መንዳት በሕግ ክልክል ስለሆነ ኢርፎኑን አልሞከርኩትም)፣ በ35 ማይል ቆንጆ አድርጎ ይሰማል፣ በ50 ወሬና ዜና ይገባሃል፣ 66 ቁጥር ሃይዌይ ላይ በ65 ስትነዳ ግን ሄልሜት ውስጥ የሚገባው የንፋስ ጩኸት ለብቻው ወደ 100 ዴሲቤል ይጠጋል፣ በሱ ላይ ዘፈን ከፍ ማድረግ ጆሮን መቅጣት ነው። ባሱ የለ፣ ክራሩ የለ፣ የሚሰማህ ሺሽሽታ ላይ የተንሳፈፈ የድምፃዊ ጩኸት ነው። አማርኛ ዘፈኖቼን በሚሞሪ ካርድ ጭኜ ጂፒኤሱ ላይ ሞክሬአቸዋለሁ፣ እነሱም ያው ናቸው። ስለዚህ ለሙዚቃ ብላችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ተዉት።

ታዲያ ለምን አልሸጥኩትም? ለዝናቡ።

ያቺው አንቴና ከራዲዮው ጋር የአየር ሁኔታም ትቀበላለች፣ የዝናብ ራዳር ምስሉ ካርታው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ስገዛው ይሄን ነገር ልብ ብዬ እንኳን አላየሁትም። ባለፈው ጁላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዛው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ቶርንተን ጋፕን አልፌ እይታ ቦታ ላይ ቆሜ ውሃ እጠጣለሁ፣ ከላዬ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ስልኬ ኔትወርክ የለውም፣ እዛ ተራራ ላይ ብዙ ቦታ የለም። ስክሪኑን ስነካው በሉሬ ከተማ በኩል ቢጫ የከበበው ቀይ ነገር ወደኛ እየመጣ ነው። አጠገቤ ሁለት ፈረንጅ ሞተረኞች ነበሩ፣ አሳየኋቸው፣ አንደኛው ቀና ብሎ ሰማዩን አየና "ደህና ነው" ብሎ ሄልሜቱን አደረገ። እኔ ማይል 42 አጠገብ ያለው ስካይላንድ ምግብ ቤት ገብቼ ቡና አዘዝኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ መብረቅ፣ ከዛ ዶፍ፣ መስኮቱ እንደ ፏፏቴ ወረደ። ሁለቱ ሰዎች ቆይተው ቦት ጫማቸው ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ ገቡ፣ ያኛው ሰውዬ አየኝና ምንም ሳይል ቡና አዘዘ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ የምታዩት ምስል የአሁን አይደለም፣ የተወሰኑ ደቂቃዎች የዘገየ ነው፣ ስለዚህ ቀዩ ዳር ስክሪን ላይ ከሚያሳየው ቀርቦ ነው የሚጠብቃችሁ። በቀለሞቹ መሀል ሾልኬ አልፋለሁ ብሎ ማስላት አያዋጣም፣ እኔ አንዴ አስልቼ በልብስ ዋኝቻለሁ።

ክፍያው በወር ስለሆነ እኔ ኤፕሪል ላይ አስከፍቼ ኖቬምበር ላይ አዘጋለሁ፣ በክረምት ለቆመ ሞተር መክፈል ትርጉም የለውም። አሜሪካና አካባቢው ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ አገር ቤት እወስደዋለሁ የምትሉ ካላችሁ ካርታ ብትጭኑበት ጂፒኤሱ ይሠራል፣ አንቴናዋ ግን ጌጥ ነው የምትሆነው።

የሳተላይት ራዲዮ ነገር ለኛ እንግዳ እንዳልሆነ የማያውቅ ግን ብዙ ሰው አለ። ወርልድ ስፔስ የሚባለውን የሳተላይት ራዲዮ ድርጅት የመሠረተው ኢትዮጵያ የተወለደው ኖኅ ሳማራ ነው፣ በፈረንጆቹ 1990፣ ዋና ቢሮውም ኋላ ላይ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። አፍሪስታር የምትባለው ሳተላይታቸው በ1998 ወደ ሰማይ ወጥታ አፍሪካን በራዲዮ አዳርሳለች፣ ለኤክስኤምም በጅማሬው ገንዘብ ካስገቡት መሀል ወርልድ ስፔስ አለበት። ከዛ በ2008 ኤክስኤምና ተፎካካሪው ሲሪየስ ሲዋሃዱ፣ በዛው ዓመት ወርልድ ስፔስ ኪሳራ አወጀ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው "እዚህ? እዚህ ጆርጂያ አቬኑ አጠገብ?" አሉኝ፣ አዎ ጋሼ አልኳቸው፣ ለአፍታ ዝም ብለው "እና ዝናቡን የሚነግርህ እሱ ነው በለኛ" አሉኝ። በሩቁ ዝምድና አለው ብያቸዋለሁ።

ከተማ ውስጥ ለዴሊቨሪ ወይም ለሥራ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ውሃ የማያስገባ መያዣ ግዙና ገንዘባችሁን ያዙ። ቅዳሜና እሁድ ተራራ የምትወጡ ከሆነ፣ በተለይ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን 469 ማይሉን እስከ ኖርዝ ካሮላይና ልትነዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ያገለገለ ካገኛችሁ ግዙት፣ ግን አንቴናዋ አብራ መኖሯን፣ ማቀፊያው ላይ ያሉት ፒኖች አለመዛጋቸውን፣ የራዲዮ መለያ ቁጥሩም ስክሪኑ ላይ መውጣቱን ሳታዩ ብር እንዳትሰጡ። ጂፒኤሱን ባቆማችሁ ቁጥር ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። አንቴናዋን እኔ እዛው ነው የምተዋት፣ እስካሁን የሰረቃት የለም፣ ፓርኪንግ ላይ ግን "ይሄ የፖሊስ ነገር ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው አራት ደርሷል።